በመጦሪያ ቤት ያሉ አረጋውያን የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ብዙም በማይርቅ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በነርስነት ስሠራ፣ የላቦራቶሪ ውጤት በመጣ ቁጥር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው፣ ልጅም ይሁን ተንከባካቢ፣ ዐይኑን የሚጥለው ምልክት በተደረገባቸው ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው፤ ምልክት ከሌለ «ተመስገን፣ ምንም የለባቸውም» ብሎ ወረቀቱን ያጥፈዋል፤ ምልክት ካለ ደግሞ ልቡ ይሸበራል። ሁለቱም አነባበብ አረጋዊውን ሊጎዳ ይችላል። ከቁጥሩ አጠገብ የታተመው መደበኛ መጠን በአብዛኛው የተወሰደው ከጤነኛ ጎልማሶች እንጂ፣ ክብደታቸው አርባ ኪሎ ከሆነ፣ በቀን አምስት ዓይነት መድኃኒት ከሚወስዱና ያለ ድጋፍ ከአልጋ ከማይነሱ እናት አይደለምና።

ይህ ጽሑፍ በመጦሪያ ቤት ለሚሠሩ ነርሶችና ተንከባካቢዎች፣ እንዲሁም ወላጃቸውን በቤታቸው ለሚጦሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። በአረጋውያን ዘንድ ከሞት ስጋት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የታወቁ ጥቂት የደም ምርመራዎች እንዴት እንደሚዘጋጁ፣ እንዴት እንደሚነበቡና ከውጤቱ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት ያሳያል። መድኃኒት መጀመር፣ ማቆምና መጠኑን መቀየር የሐኪም ሥራ ነው፤ ሆኖም ሐኪሙ የሚያያቸው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን እኛ ግን ቀኑን ሙሉ አብረናቸው ስለምንውል፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ መቅረብ የእኛ ድርሻ ነው።

አስቀድሞ «የሞት ስጋት» በሚለው ቃል ላይ መግባባት ይገባል። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው 71 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ4,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በደማቸው ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ዝቅ ያለባቸው ሰዎች በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዮዋ ግዛት በ1,293 አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሲአርፒና ኢንተርሉኪን 6 የተባሉት ሁለቱ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ጠቋሚዎች አብረው ከፍ ያሉባቸው ሰዎች፣ ሁለቱም ዝቅ ካሉላቸው ይልቅ ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 2.6 እጥፍ መሆኑን አሳየ። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በየቤታቸው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ ሲሆን፣ የሚናገሩትም ስለ ብዙ ሰዎች ነው፤ አንዲት እናት በየትኛው ወር እንደሚያርፉ ከእነዚህ ቁጥሮች ማንም ሊያነብ አይችልም። ማንበብ የሚቻለው፣ ሳይታወቅ የቆየ ኢንፌክሽን፣ ረሃብ፣ የመድኃኒት ጉዳት ወይም የውስጥ መድማት ሊኖር ስለሚችል ፍለጋ መጀመር እንዳለበት ነው።

ደም ከመቀዳቱ በፊት

ዕድሜን በትክክል መመዝገብ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። በካርዳቸው ላይ 78 ዓመት ተብሎ የተጻፈላቸው አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ተወልደው ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው «እናቴ አዝላኝ ወደ እንጦጦ ሸሸች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ጣልያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እማማ ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማ ነበር ማለት ነው። ይህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ስለ ኩላሊት ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ክብደት በየወሩ፣ በተመሳሳይ ሚዛን፣ ጠዋት ላይ ይለካ። በአንድ ወር ውስጥ 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ 10 በመቶ ክብደት ሳይፈለግ መቀነስ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ቆመው መመዘን ለማይችሉ አረጋውያን በልብስ ሰፊ ሜትር ባታቸውን በወፍራሙ ቦታ ይለኩ፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የጡንቻ መሟሸሽን ያመለክታል። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ሰብስበው ይጻፉ፤ ዘመድ ከውጭ የላከው ቫይታሚን፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ የሕመም ማስታገሻ፣ በጠርሙስ የተቀመጠ የባህል መድኃኒትም ይካተታሉ።

ጾም ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው የላቦራቶሪ ጾም ሲሆን፣ ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት ምርመራዎች በባዶ ሆድ መቅረብ አያስፈልግም፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር በሽታ እንክብል የሚወስድ አረጋዊን ቁርስ አስቀርቶ ወረፋ ላይ ማስቀመጥ ስኳሩ ወርዶ ራሱን እንዲስት ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው የሃይማኖት ጾም ነው። ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ሙሉ የሚጾሙ እናት የፕሮቲንና የቫይታሚን ቢ12 ምንጫቸው ይቀንሳል፤ በረመዳን የሚጾሙ አባትም ውኃ ያንሳቸዋል፤ ስለዚህ ምርመራው በጾም ወቅት ከተደረገ ይህ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የነርስ ሥራ አይደለም። የንስሐ አባታቸውን ወይም የሚያምኗቸውን የሃይማኖት አባት ጠርቶ የጤናቸውን ሁኔታ ማስረዳት ግን ይቻላል፤ እኔ እስካሁን ያነጋገርኳቸው አባቶች ለደከመ ሰው ለማዘን ፈቃደኞች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ደም በሚቀዳበት ጊዜ አረጋዊው በየጊዜው በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ወይ ተቀምጠው ወይ ተኝተው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ይረፉ፤ ሰው ቆሞ ከቆየ በኋላና ተኝቶ ከቆየ በኋላ የሚቀዳ ደም በአልቡሚንና ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው በሄሞግሎቢን መጠኑ ይለያያልና። የክንድ ማሰሪያው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ እጅ ጨብጦ መዘርጋትም ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ ስለሚያደርግ ይቅር። ግሉኮስ ከተተከለበት ክንድ አይቀዳ። ናሙናው ከመጦሪያ ቤቱ ወደ ላቦራቶሪ የሚጓዝ ከሆነ፣ የፒያሳ መንገድ በተጨናነቀበት ሰዓት መኪና ውስጥ ፀሐይ እየመታው እንዳይቆይ፣ በማለዳ ተቀድቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ሁልጊዜም አንድ ላቦራቶሪ ይጠቀሙ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚያትሙ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ፤ «ግንቦት» እና «ሜይ» ተደባልቀው የሦስት ወር ክትትል ሲፋለስ አይቻለሁ።

አልቡሚንና ሲአርፒ አብረው ይነበባሉ

ሁለት ምርመራ ብቻ ማሠራት የሚቻል ቢሆን እኔ የምመርጠው እነዚህን ነው። አልቡሚን በጉበት የሚሠራ ፕሮቲን ሲሆን፣ መደበኛ መጠኑ በዴሲ ሊትር ከ3.5 እስከ 5 ግራም ነው። ሲአርፒም የሚሠራው በጉበት ነው፤ ሰውነት በኢንፌክሽን ወይም በሌላ ጉዳት ሲቆጣ ማለትም ብግነት ሲኖር በሰዓታት ውስጥ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱ ሲወገድም ቶሎ ይወርዳል። ብዙ ላቦራቶሪዎች በሊትር ከ5 ወይም ከ10 ሚሊግራም በታች ያለውን መደበኛ ይሉታል።

አልቡሚን ዝቅ ማለቱን ሲያዩ ብዙዎች «ምግብ አንሷቸዋል» ይላሉ፤ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ጉበት ብግነት ሲኖር አልቡሚን መሥራቱን ቀንሶ ሲአርፒን የመሳሰሉትን ይሠራል፤ ስለዚህ በደንብ እየበሉ ያሉ አረጋዊም የሳንባ ምች ከያዛቸው አልቡሚናቸው ይወርዳል። አልቡሚን ዝቅ ብሎ ሲአርፒ ከፍ ካለ ጉዳዩ በዚያው ቀን የሚፈለግ ነገር አለው ማለት ነው። በአረጋውያን ላይ ትኩሳት ላይታይ ይችላል፤ በድንገት መቃዠት፣ ምግብ እንቢ ማለት ወይም መውደቅ ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። ልብሳቸውን አውልቀው ጀርባቸውን፣ መቀመጫቸውንና ተረከዛቸውን ለአልጋ ቁስል ይመልከቱ፤ አፋቸውን አስከፍተው ጥርሳቸውንና ድዳቸውን ይዩ፤ ሽንታቸው ሲወጣ ያቃጥላቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ትንፋሻቸውን ይቁጠሩ። በእኛ አገር ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መረሳት የለበትም፤ ሲአርፒ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ከቆየና ክብደት ከቀነሰ፣ ሳሉ ቀላል ቢሆንም አክታ በጂን ኤክስፐርት፣ የነቀርሳን ተህዋስ በሚለየው መሣሪያ፣ እንዲመረመር ሐኪሙን ይጠይቁ።

አልቡሚን ግማሹ ከደም ለመውጣት ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ኢንፌክሽኑ በታከመ በሳምንቱ ደግሞ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው፤ አራት ሳምንት ይጠብቁ። ሲአርፒ መደበኛ ሆኖ አልቡሚን ብቻውን ዝቅ ካለ ግን፣ ፕሮቲን በሽንት እየወጣ እንዳይሆን ሽንት ይመርመር፣ ጉበት ይታይ፣ በቀን የሚበሉት ምግብ በእውነት ይመዝገብ። ሳህኑ ምን ያህል ተሞልቶ እንደቀረበ ሳይሆን ምን ያህሉ ተበልቶ እንደተመለሰ ነው የሚጻፈው። አረጋዊ ሰው በኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ አርባ ኪሎ ለሆኑ እናት ከ40 እስከ 48 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፣ በጾም ባልሆነ ቀን በወተት የተሠራ አጥሚት፣ በጾም ጊዜ ደግሞ ወፈር ያለ ሽሮና የላመ ምስር በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ማቅረብ ከሁለት ትልልቅ ማዕድ ይሻላል። ኩላሊታቸው በጣም የተጎዳ አረጋውያን የፕሮቲን መጠን ግን በሐኪም ይወሰን።

ሄሞግሎቢን፦ ከማን ጋር ይነጻጸር?

የዓለም ጤና ድርጅት በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የደም ማነስ የሚለው በዴሲ ሊትር ለሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ የኦክስጅንን መጠን ስለሚቀንስ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህም ድርጅቱ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ቢያንስ አንድ ግራም ያህል ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። ይህ ማስተካከያ ካልተደረገ 12.5 የሆነች ሴት «ኖርማል» ተብላ የደም ማነሷ ሊደበቅ ይችላል። በሌላ በኩል በሲንቲያ ቢል የተመራው በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ካሉ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ በመጦሪያ ቤታችን ጎን ለጎን አልጋ ላይ የሚተኙት፣ ከደጋ የመጡት እማሆይና ከቆላ የመጡት አባባ፣ በአንድ መስመር አይለኩም። የእያንዳንዳቸው ትክክለኛ ማነጻጸሪያ ደህና በነበሩበት ጊዜ የተመዘገበው የራሳቸው ቁጥር ነው። ወደ መጦሪያ ቤቱ የገቡ ሰሞን ደም መመርመር የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው።

ከራሳቸው ቁጥር በሦስት ወር ውስጥ ከአንድ ግራም በላይ ከወረደ፣ የብረት እንክብል ገዝቶ ከመስጠት በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። አስፕሪንና ዲክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነ ከጨጓራ ሊደሙ ስለሚችሉ ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ ይዩ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰዱ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳሉ፤ በሲቢሲው፣ ማለትም በጠቅላላ የደም ሕዋሳት ቆጠራው፣ ወረቀት ላይ የቀይ ደም ሕዋሱ አማካይ መጠን ከ100 በላይ ከሆነ ይህን ያስቡ። የኩላሊት ድክመትም ደም ያሳንሳል።

በዚያው ወረቀት ላይ ተከፍሎበት ማንም የማያነበው አንድ ቁጥር አለ፤ የቀይ ደም ሕዋሳት በመጠን መለያየትን የሚለካው አርዲደብሊዩ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የሰባት ጥናቶች መረጃ ተጣምሮ ሲተነተን፣ ይህ በመቶኛ የሚጻፍ ቁጥር በአንድ ነጥብ ከፍ ባለ መጠን በአረጋውያን ላይ የሞት ስጋት በ14 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ከ14.5 በላይ እየወጣ ከሄደ፣ ሄሞግሎቢኑ ገና ባይወርድም እንኳ፣ የምግብ እጥረትና ሥር የሰደደ ብግነት እንዲፈተሽ በቂ ምክንያት ነው።

ኩላሊትን የሚደብቀው ክሬያቲኒን

ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ፣ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ጡንቻቸው የሟሸሸ አረጋዊ ክሬያቲኒናቸው ትንሽ ስለሚሆን ኩላሊታቸው ቢደክምም ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል። ስለዚህ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኮክክሮፍትና የጎልት ቀመር ተጠቅመው ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም ከክሬያቲኒን እንደሚያጸዳ ራስዎ ያስሉ፦ ከ140 ላይ ዕድሜን ይቀንሱ፣ በክብደት ያባዙ፣ ከዚያ 72 በክሬያቲኒን ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍሉ፤ ለሴት ውጤቱን በ0.85 ያባዙ። ከላይ ያነሳኋቸው እማማ ክብደታቸው 40 ኪሎ፣ ክሬያቲኒናቸው በዴሲ ሊትር 0.9 ሚሊግራም ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አልነበረበትም። በካርዱ ዕድሜ፣ በ78፣ ሲሰላ በደቂቃ 33 ሚሊ ሊትር ያህል ይመጣል፤ በእውነተኛ ዕድሜያቸው፣ በ90፣ ሲሰላ 26። የብዙ መድኃኒቶች መጠን የሚቀየረው 30 ላይ ስለሆነ፣ ጣልያን ስለገባበት ዘመን የተጠየቀችው አንዲት ጥያቄ የመድኃኒት መጠናቸው እንደገና እንዲታይ አደረገች።

በተከታታይ ምርመራ ክሬያቲኒን ሲወርድ ክብደትም አብሮ ከወረደ፣ ኩላሊታቸው ዳነ ብለው አይደሰቱ፤ ጡንቻቸው እያለቀ ሊሆን ይችላል። ሲስታቲን ሲ የተባለው ምርመራ በጡንቻ ብዛት ብዙም ስለማይለዋወጥ ከተገኘ ይመረጣል። ለጉልበት ሕመም ኩላሊትን የሚጎዱትን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በልማድ መስጠት ግን ወዲያውኑ ሊቆም የሚገባው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሶዲየም ከዚሁ ጋር ይለካ፤ መደበኛው በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። አረጋውያን ጥማት ያን ያህል አይሰማቸውም፤ ከዚያም በላይ ሌሊት ለመነሳት ሰው ማስቸገር ስለሚከብዳቸው ሆን ብለው ውኃ የሚተዉ ብዙ ናቸው። ይህን አይነግሩንም፤ «ጠጥቻለሁ፣ ልጄ» ይሉናል። ሶዲየም ከ145 በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማታ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስዳቸው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ከ135 በታች ከሆነ ደግሞ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ይወሰድ እንደሆነ ለሐኪሙ ይነገር።

ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የማያስፈልጉት

ስለ ኮሌስትሮል ጎልማሶች የሚሰሙት ምክር ለዘጠና ዓመት ሰው አይሠራም። በሆላንድ ሌይደን ከተማ ዕድሜያቸው ከ85 በላይ የሆኑ 724 ሰዎችን ለአሥር ዓመት የተከታተለው በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል በሊትር አንድ ሚሊሞል፣ በእኛ ወረቀት 39 ሚሊግራም ገደማ፣ ከፍ ባለ ቁጥር የሞት ዕድል በ15 በመቶ ዝቅ ብሎ ማግኘቱን ገልጿል። ስለዚህ መድኃኒት ሳይጀመር ኮሌስትሮል ከወረደ የአመጋገብ ችግር ወይም የተደበቀ በሽታ ይፈለግ፤ ቀጭን ለሆኑ አረጋዊም ኮሌስትሮላቸው 210 ሆነ ተብሎ እንቁላልና ቅቤ አይከልከሉ።

የሦስት ወር አማካይ ስኳር ለደከሙ አረጋውያን ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ይበቃል፤ ወደ 6 ለማውረድ መታገል ለስኳር ማነስና ለመውደቅ ያጋልጣል። ግሊቤንክላማይድ በዚህ ዕድሜ የማይመከር መድኃኒት ስለሆነ በሌላ መተካት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ልጆች ከውጭ ገንዘብ ልከው «ሙሉ ምርመራ ይሠራላቸው» ሲሉ ፍቅራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ምልክት በሌለበት የካንሰር ጠቋሚዎችን መለካት፣ ወይም ለምርምር እንጂ ለዕለት ሕክምና የማይውለውን ኢንተርሉኪን 6 መፈለግ፣ ገንዘቡን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከሌሊት ተረኛ ደመወዝ ላይ መቀነስ ነው።

መዝገቡ፣ ቤተሰቡና ቀጣዩ ቀጠሮ

ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ገጽ ይኑር፤ ቀን፣ ክብደት፣ አልቡሚን፣ ሲአርፒ፣ ሄሞግሎቢን፣ ክሬያቲኒን፣ ሶዲየም፣ የሚወስዱት መድኃኒትና በዚያ ሳምንት የታየ ነገር ይጻፍበት። ሲገቡ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ፣ ሁኔታቸው ሲለወጥ ደግሞ ወዲያውኑ ማስመርመር በቂ ነው። ገጹ የግል ምስጢር ነው። አረጋውያንን ለሞት «ቅርብ» እና «ሩቅ» ብሎ ደረጃ የሚያወጣ ዝርዝር ፈጽሞ አይዘጋጅ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በግድግዳ ላይ ከዋለ፣ ሳይታወቀን የአንዳንዱን አልጋ ቶሎ ቶሎ ማየት እንተዋለን።

ምክንያቱ ተፈልጎ፣ ሊታከም የሚችለው ሁሉ ታክሞ፣ በሁለትና በሦስት ተከታታይ ምርመራ አልቡሚንና ሄሞግሎቢን እየወረዱ ክብደትም እየቀነሰ ከሄደ፣ ያን ጊዜ ስለሚመጣው መነጋገር ይገባል። ከአረጋዊው ይጀመር፦ «እማማ፣ የምርመራዎን ነገር እርስዎ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ እንንገር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በባህላችን ክፉ ወሬን ከታማሚ መደበቅ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል፤ እኔ ግን የሚያውቁትን ነገር ብቻቸውን እንዲሸከሙ የተተዉ እናቶችን አይቻለሁና መጠየቁን እመርጣለሁ። ለልጆቻቸው በስልክ ቁጥር ከመንገር ይልቅ «ከስድስት ወር ወዲህ አቅማቸው እየቀነሰ ነው፣ ቀኑን እኛ አናውቅም፣ ለመምጣት ካሰባችሁ ግን አታዘግዩት» ማለት ይሻላል። ሆስፒታል መግባት ይፈልጉ እንደሆነ ወይስ በአልጋቸው መቆየት፣ ማንን ማየት እንደሚሹ፣ ንስሐ አባታቸው መቼ እንዲመጡ እንደሚፈልጉ ይጠየቁ፤ መልሱም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ሕመም ካለ ማስታገሻው በሐኪም ይታዘዝ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ የደም ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ውጤቱ ከፍ ቢል ምን እናደርጋለን፣ ዝቅ ቢልስ? መልሱ በሁለቱም በኩል አንድ ከሆነ ቀጠሮው ይሰረዝ። ለመሰረዙም ምክንያቱ፣ ከሐኪሙና ከቤተሰቡ ጋር የተነጋገሩበት ቀን ተጨምሮ፣ በገጹ አናት ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ያልነበረ ተረኛ ሌሊት መጥቶ የእማማን ክንድ ለመርፌ እንዳያስር።